አረንጓዴ ሰጋቱራ የካቲትን አይመስልም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ክቡር አዘጋጅ፦

የካቲት 23 ሲቃረብ የአድዋን ውጊያ በጠረጴዛ ላይ ለማሳየት የሚሰናዱ ትምህርት ቤቶችና የወጣቶች ክበባት ይበዛሉ። ጋዜጣዎ ይህንኑ አስመልክቶ ለጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ የሚውሉ ትንንሽ የወታደር ቅርጾች እንዴት እንደሚሰበሰቡና እንደሚቀቡ ያወጣውን ገጽ በደስታ አንብበነዋል፤ ስለዚህ ሥራ በአማርኛ ሲጻፍ ማየት ብርቅ ነው። ቅር ያሰኘን አንድ ነገር ነው። ጽሑፉ ለቀለም ሁለት ዓምድ ሰጥቶ መቆሚያውን፣ ማለትም ቅርጹ የሚጣበቅበትን ጠፍጣፋ መሠረት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል፤ ቅርጹን በኮላ ካርቶን ላይ አጣብቁና አረንጓዴ ሰጋቱራ ነስንሱበት ይላል። ምክሩን እንዳለ የተከተለ ልጅ ከሳምንት በኋላ የሚያገኘው እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዙ የተቆለመመ ካርቶን፣ ከሥሩ የተነቀለ ወታደርና ነሐሴን የሚመስል የአድዋ ሜዳ ነው። ውጊያው የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በበጋ፣ ሣሩ ደርቆ መሬቱ በተራቆተበት ጊዜ።

መቆሚያ ለጌጥ የሚጨመር ነገር አይደለም። በአብዛኞቹ የጨዋታ ሕጎች ርቀት የሚለካው ከመቆሚያው የፊት ጠርዝ ነው። አንድ ክፍል ስንት ሜዳ እንደያዘ፣ ጎኑ ከየት እንደሚጀምር፣ ከጠላት ጋር መነካካት አለመነካካቱን የሚወስነው የተዘረጋው ጎራዴ ሳይሆን የመቆሚያው ስፋት ነው። ተጫዋቹም ቅርጹን የሚያነሣው መቆሚያውን ይዞ ነው፤ መያዣ ካጣ የጣት ላብና ቅባት በአንድ ቀን ጨዋታ የጠመንጃውን አፈሙዝና የትከሻውን ቀለም ይልጠዋል። ደግሞም አንድ ሜትር ርቆ የቆመ ተመልካች ፊት አያይም፤ የሚያየው መሬት ነው። የዓይኑ ብሌን ሳይቀር የተቀባ ወታደር ባዶ ካርቶን ላይ ሲቆም መጫወቻ ሆኖ ይቀራል።

ከመቆሚያው በፊት ግን የመጠን ነገር አለ። በብዛት የሚገኙት 28 ሚሊሜትር፣ 15 ሚሊሜትርና 1 ለ72 (ከእውነተኛው ሰው 72 ጊዜ ያነሰ) የሚባሉት ናቸው። 28 ሚሊ ማለት ከእግር እስከ ዓይን ያለው ቁመት ሲሆን የአንድ ብር ሳንቲም ስፋት ያህል ነው ቢባል ብዙ አይሳሳትም። ችግሩ አንዳንዱ አምራች እስከ ዓይን፣ አንዳንዱ እስከ አናት ይለካል፤ ራስና እጅን ሆን ብሎ የሚያገዝፍም አለ። በሁለቱም ሳጥኖች ላይ 28 ተብሎ ተጽፎ ቅርጾቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ የሌላው ልጅ ሊመስል ይችላል። እንዲህ ሲሆን መጣል አያስፈልግም፤ በአንድ መቆሚያ ላይ ሳይቀላቀሉ ትንንሾቹን ለብቻ አንድ ክፍል ማድረግና ከሥራቸው አንድ ሚሊ ከፍ ማድረግ ዓይንን ያታልላል። 1 ለ72 ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ በአንድ ሳጥን ብዙ ሰው ይገኝበታል፣ በዋጋም ይቀላል፣ በማጣበቅና በመቀባት ግን ከሁሉም ያስቸግራል። 15 ሚሊ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው፤ ብዙ ሠራዊት በትንሽ ጠረጴዛ ለማሰለፍ ለሚፈልግ ሰው የምንመክረው እርሱን ነው። ለአንድ ተማሪ ግን 28 ሚሊ ይሻለዋል፤ ስሕተቱም ልፋቱም ፊት ለፊት ይታየዋል።

ከመግዛት በፊት መቁጠር ደግ ነው። የጣሊያን ጦር አዛዥ የነበረው የጄኔራል ባራቲየሪ አራት ብርጌዶች 56 መድፍ ነበራቸው፤ በየብርጌዱ አዛዥ ስም አልበርቶኔ 14፣ አሪሞንዲ 12፣ ዳቦርሚዳ 18፣ ኤሌና 12። የአልበርቶኔ ብርጌድ 4 ሺህ ገደማ ሰው ነበር። አንድ ቅርጽ 50 ሰው ይወክላል ከተባለ ለዚህ ብርጌድ 80 ቅርጽ፣ አንዱ መድፍ አምስት መድፍ ይወክላል ከተባለ ደግሞ ሦስት መድፍ ይበቃዋል። በዚያው ሒሳብ 100 ሺህ የሚባለውን የኢትዮጵያ ሠራዊት ሙሉውን ለማቆም 2,000 ቅርጽ ያስፈልጋል። ይህ የክበብ ሳይሆን የዕድሜ ሥራ ነው። ስለዚህ ከውጊያው አንድ ጥግ ይመረጣል፤ የአልበርቶኔ ብርጌድ እንዳ ኪዳነ ምሕረት ላይ የተሰባበረበት ጠዋት፣ ወይም ዳቦርሚዳ በማርያም ሸዊቶ በኩል ተለይቶ የቀረበት ሰዓት። የመጀመሪያውን እንመርጣለን። አብዛኞቹ የአልበርቶኔ ሰዎች አስካሪዎች፣ ማለትም በጣሊያን ጦር የተቀጠሩ አፍሪካውያን ወታደሮች ነበሩ፤ በአምባላጌና በመቀሌም በጣሊያን በኩል የተሰለፈው አብዛኛው አስካሪ ስለነበር አንዴ የተሠራው 80 ቅርጽ ለሦስት ጨዋታ ያገለግላል።

ስፋቱን በሚመለከት ለ28 ሚሊ እግረኛ 25 ሚሊ ክብ ወይም 20 በ20 ካሬ፣ ለፈረሰኛ 25 በ50 የተለመደ ነው። በ15 ሚሊ ደግሞ የሁለቱም ወገን የፊት ስፋት 40 ሚሊ ይሁንና ጥልቀቱ ይለያይ። የጣሊያን እግረኛ አራት ሆኖ ትከሻ ለትከሻ በ40 በ20 ላይ ይቆማል፤ የኢትዮጵያ ተዋጊ ሦስት ሆኖ አንዱ ወደፊት አንዱ ወደኋላ ተሰበጣጥሮ በ40 በ30 ላይ። የአሰላለፉን ልዩነት ማንም ሳይነግረው ተመልካቹ ያነብበዋል። የፊት ስፋቱን በመሐል መቀየር ግን የለበትም። በ40 የተጀመረ ሠራዊት ግማሹ ላይ 50 ከሆነ ሕጉ የሚጠይቀው መነካካት ሁሉ ይዛነፋል፤ ማረሙም መቶ መቆሚያ ፈልቅቆ እንደገና መሥራት ነው።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንመለስ። ኮላ ውስጥ ውሃ አለ። ውሃው የካርቶኑን የላይ ፊት ብቻ አርሶ ያሰፋዋል፤ ኮላው ሲደርቅ ደግሞ እየተኮማተረ ያንኑ ፊት ወደ መሐል ይስበዋል፤ ጠርዞቹም ይነሣሉ። ወፍራም ካርቶን መጠቀም ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። የሚሻለው 2 ሚሊ ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ ነው። ከጠፋ 3 ሚሊ ይሆናል፤ በ28 ሚሊ መጠን ግን 3 ሚሊ ማለት 17 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍታ ስለሆነ ወታደሩ ደረጃ ላይ የወጣ እንዳይመስል የላይኛውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ማዝመም ይገባል። ሌዘር ያላቸው የማስታወቂያ ሥራ ቤቶች ይቆርጡታል። 60 በ40 ሳንቲሜትር ከሆነ ሉህ 40 በ20 የሆኑ መቆሚያዎች በወረቀት ላይ 300 ይወጣሉ፤ በመካከላቸው 2 ሚሊ ክፍተት ከተተወ 252 ናቸው። ኮምፔርሳቶ አንመክርም፤ ሲቆረጥ ጠርዙ ይሰነጠራል።

ኤምዲኤፍም ቢሆን ከአንድ ወገን ብቻ ከረጠበ ይጎብጣል። ስለዚህ ላዩ ሲሠራ ሥሩም በቀጠነ ኮላ ወይም በቀለም አብሮ ይቀባ። ጎብጦ የተገኘ መቆሚያ ካለ ሥሩን ያልቀጠነ ኮላ ቀብቶ፣ ላስቲክ ላይ አስቀምጦ፣ ቅርጹ እንዳይጎዳ ጠርዝ ጠርዙን በክብደት ተጭኖ ማሳደር ነው፤ ከሥር ያለው ኮላ ሲኮማተር ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ማጣበቅ እንደ ቅርጹ ዓይነት ይለያያል፤ ጽሑፉ ለሁሉም ኮላ ማለቱ ትልቁ ስሕተት ይመስለናል። ማንኛውም ቅርጽ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፤ ከፎርማው የቀረ ቅባት ካልለቀቀ ሙጫም ቀለምም አይዝም። የፎርማው መጋጠሚያ የተወው መስመር በምላጭ ጀርባ ይፋቃል። ብረት ከሆነ የእግሩን ሥር በሞረድ አሻክሮ ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ በሚሠራው ኤፖክሲ ሙጫ ማጣበቅ ይሻላል። ሱፐር ግሉ ይይዛል፣ ግን ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ድርቅ ስለሚል አንዴ ከወደቀ ተፈንጥሮ ይለቅቃል። ጠንካራ ፕላስቲክ ከእንጨት ጋር በሱፐር ግሉ ይያያዛል፤ ፕላስቲክን ከፕላስቲክ የሚያቀልጠው ሙጫ ግን ከኤምዲኤፍ ጋር አይሠራም፤ የሚያቀልጠው ነገር የለማ። 1 ለ72 ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ የትኛውንም ሙጫ እሺ አይልም። ለእርሱ መቆሚያውን ከሥር በቀጭን መሰርሰሪያ በስቶ፣ ስፒል አሙቆ 3 ወይም 4 ሚሊ ያህል ወደ ቅርጹ እግር ማስገባትና የቀረውን መቁረጥ ነው። ቀለሙም እንዳይፈረፈር ከመቀባቱ በፊት በውሃ የቀጠነ ኮላ አንድ ጊዜ ይለበስ፤ ቅርጹ ሲታጠፍ አብሮት የሚታጠፍ ቆዳ ይሆነዋል።

ከዚህ በኋላ መሬቱ ይሠራል። ቅርጾቹ ከእግራቸው ሥር አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ውፍረት ያለው ትንሽ ምንጣፍ ይዘው ይመጣሉ፤ ያ ምንጣፍ ካልተሸፈነ ወታደሩ ድስት ክዳን ላይ የቆመ ይመስላል። መሸፈኛው የግድግዳ ስቱኮ ነው፤ ብቻውን ግን አይሆንም። ስቱኮ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ መቆሚያው ጠረጴዛ ሲነካ ደግሞ ጠርዝ ጠርዙ ይረግፋል። ሦስት ማንኪያ ስቱኮ፣ አንድ ማንኪያ ኮላ፣ ጥቂት ጠብታ ውሃና ግማሽ ማንኪያ ቡኒ የውሃ ቀለም ይቀላቀል። ኮላው ያለዝበዋል፤ ቀለሙ ደግሞ ወደፊት መቆሚያው ቢጫር ነጭ ጠባሳ እንዳይወጣ ያደርጋል። ውፍረቱ ከ2 ሚሊ አይብለጥ፤ ከፍ ያለ መሬት ከተፈለገ በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ይደረብ። ጀሶ አይጠቅምም፤ ገና ሳይለጠፍ ሳህኑ ላይ ይደርቃል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር አለች፤ ብዙ ጊዜ ትታለፋለች። የኢትዮጵያ ተዋጊ አብዛኛው ባዶ እግሩን ነበር። ስቱኮው በጥርስ መጎርጎሪያ እስከ ተረከዙ ተጠግቶ ጣቶቹ ላይ ሳይወጣ መቆም አለበት። ጣቶቹ ከተቀበሩ እግሩ ጫማ ያደረገ ይመስላል፤ በኋላ በቀለም ለማረም ቢሞከር ጭቃ የረገጠ ሰው ይወጣል። ፈረሰኛም እንደዚሁ ነው። በአገራችን እርካብ የሚረገጠው በአውራ ጣት ስለነበር በአውሮፓ ጫማና በሰፊ እርካብ የተሠራ ፈረሰኛን ለራስ ሚካኤል ሠራዊት ለማዋል የጫማውን አፍንጫ ቆርጦ በቀጭን ሽቦ ቀለበት መተካት ያስፈልጋል። ለአንድ ቅርጽ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ስቱኮው እርጥብ ሳለ አሸዋና ጠጠር ይነሰነሳል። የአዳማ ሰው በዚህ ዕድለኛ ነው፤ በዙሪያው ፑሚስ የሚባለው ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠርም ሞልቷል። ሁለቱም ግን ጠባያቸው ይታወቅ። ፑሚስ ቀላልና በቢላ የሚቆረጥ ስለሆነ ለቋጥኝ ይመቻል፤ ግን ኮላውን እንደ ስፖንጅ ስለሚመጠው ከመለጠፉ በፊት በቀጠነ ኮላ ተነክሮ ይድረቅ፤ አለዚያ ዱቄቱ እየረገፈ ያስቸግራል። ሬድ አሽ ጠንካራና ሹል ነው፤ ጥሩ ቋጥኝ ይወጣዋል፤ ቀለሙ ግን እንዳለ ከተተወ አድዋን ሳይሆን ለመንገድ የተደፋ ጠጠርን ያስታውሳል። ሁለቱም መቀባት አለባቸው። የአድዋ ተራሮች ትራካይትና ፎኖላይት የሚባሉ ድንጋዮች ናቸው፤ ግራጫ ሆነው ላያቸው በአየር ብዛት ወደ ቡኒ የወረዘ።

የጠጠሩ መጠን ከሁሉም በላይ ይታሰብበት። በ28 ሚሊ፣ ማለትም 1 ለ56 ገደማ፣ 2 ሚሊ ጠጠር 11 ሳንቲሜትር ድንጋይ ነው፤ 5 ሚሊው 28 ሳንቲሜትር ይሆናል። ከግንባታ ቦታ የተዘገነ አሸዋ እንዳለ ከተነሰነሰ ወታደሩ ድንጋይ ካባ ውስጥ የገባ ይመስላል። አሸዋው በሻይ ማጥለያ ይነፋ፤ ያለፈው ደቃቅ መሬቱን ይሸፍን፣ ከማጥለያው ላይ የቀረው በአንድ ጥግ ብቻ ቆንጠር ተደርጎ ይጨመር፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ የሆነ ድንጋይ በአንድ መቆሚያ ከሁለት አይብለጥ። በቤት ውስጥ አንድ ሌሊት ይደር። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ፀሐይ ላይ ማውጣት ላዩን አድርቆ ውስጡን እርጥብ ስለሚተው ስንጥቅ ያመጣል። በማግስቱ አንድ እጅ ኮላ በሦስት እጅ ውሃ ቀጥኖ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ተጨምሮበት በአሸዋው ላይ በጠብታ ይለቀቅ። ሳሙናው ከሌለ ውሃው እንደ ጤዛ ይንከባለልና አሸዋውን ይዞት ይነሣል።

አቀባቡ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ጥቁር ቡኒ ሁሉንም ይሸፍን፤ በብሩሽ ላይ ትንሽ ቀይ አፈር የመሰለ ቀለም ወስዶ በጨርቅ እስኪደርቅ ጠርጎ ላይ ላዩን ማለፍ፤ በመጨረሻ ገለባ የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ በጣም በትንሹ። ድንጋዮቹ ለየብቻ ግራጫ ይሁኑና በዚያው ፈዛዛ ቀለም ጫፋቸው ይነካ። ሁለቱ ወገኖች የሚዋጉት በአንድ መሬት ላይ ነውና የጣሊያኑም የኢትዮጵያውም መቆሚያ አንድ ቀለም ይኑረው። ቀለሙ በትልቅ ጠርሙስ ተቀላቅሎ መቀመጥ አለበት፤ መቶኛው መቆሚያ ላይ ሲደረስ ያንኑ ቀለም እንደገና መቀላቀል የሚሆን ነገር አይደለም። የመቆሚያው ጠርዝ ወጥ ጥቁር ቡኒ ይቀባ።

ሣሩ ነው ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሆነው። ሰጋቱራ መጥፎ አይደለም፤ በማጥለያ ተነፍቶ፣ ከቀጠነ የውሃ ቀለም ጋር ታሽቶ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ተበትኖ ሁለት ቀን ከደረቀ ጥሩ ይሆናል። የእርስዎንም ጋዜጣ ለዚሁ እንጠቀምበታለን፤ እንዳይቀየሙን። ቀለሙ ግን የገለባ ቢጫና ቡኒ ይሁን። አረንጓዴ የሚገባው በወንዝ ዳርና በግራር ሥር ብቻ ነው። ለረጅም ሣር ቃጫ ይሻላል፤ የቃጫውን ክር ለየብቻ ፈትቶ፣ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ቆርጦ፣ አሥር አሥር ክር በጣት ይዞ ጫፉን ኮላ ውስጥ ነክሮ በመርፌ በተበሳ ቀዳዳ መትከል፤ ሊደርቅ ሲል አናቱን በጣት በተን ማድረግ። የኬሻ ክር ይበልጥ ስለሚለሰልስ ለ15 ሚሊ ይመቻል። የጤፍ ገለባ ግን ወፍራም ነው፤ ዘር ወይም ፍርፋሪ ከቀረበት ደግሞ ተባይ ይጠራል። የተፈላ የሻይ ቅጠልም ሲነካ ኮሽ እስኪል ካልደረቀ በሳምንቱ ይሻግታል። ሣር ከመቆሚያው አንድ ሦስተኛ በላይ ከሸፈነ በጋነቱ ይጠፋል።

ስፕሬይን በሚመለከት ጽሑፉ ውጭ ወጥታችሁ ንፉ ይላል። ለነፋስ ተርባይን በተመረጠች ከተማ ይህ ምክር አይሠራም። በሞቃትና ነፋሻ አየር ቀለሙ ቅርጹ ጋ ሳይደርስ በአየር ላይ ይደርቅና ደቃቅ አሸዋ ሆኖ ያርፋል፤ አቧራውም ይጨመርበታል። ያ ሻካራ ገጽ ከተፈጠረ አጥቦ እንደገና ከመጀመር በቀር መድኃኒት የለውም። አንድ ወገኑ ክፍት በሆነ ትልቅ ካርቶን ውስጥ፣ በማለዳ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ግን ነፋሱ በማይደርስበት ቦታ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ርቆ በአጭር በአጭሩ መንፋት ነው። የመኪና ስፕሬይ በውስጡ ያለው ቲነር ጠንካራ ፕላስቲክንና ለኮረብታ የሚሠራበትን ነጭ ፎም ይበላል፤ ቅርጹ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ቅርጹ ተያይዞበት በመጣው የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ይሞከር። ፎሙ ደግሞ ስፕሬይ ከመነካቱ በፊት ሁለት ጊዜ ኮላና ቀለም ይልበስ።

ስለ አለባበሱ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ። በገጹ ላይ በታየው ፎቶግራፍ የኢትዮጵያ ወገን ሁሉ ጦርና ጋሻ ብቻ ይዟል። በአድዋ የተሰለፈው አብዛኛው ተዋጊ ጠመንጃ ነበረው፤ ውጅግራ፣ ረሚንግተን፣ ስናድር። ከአሥር ቅርጽ ሰባቱ ጠመንጃና ዝናር ቢይዙ፣ የቀሩት ጦርና ጋሻ ቢይዙ ለእውነቱ ይቀርባል። ጦሩ ከአምራቹ ሲመጣ ለስላሳና ጎባጣ ስለሆነ በወረቀት ክሊፕ ሽቦ ይተካ። ሁለት ሜትር ጦር በ28 ሚሊ 36 ሚሊ ነው፤ አንድ ክሊፕ ተዘርግቶ ሁለት ጦር ይወጣዋል፣ ጫፉ በመዶሻ ተጠፍጥፎ በሞረድ ይሾላል። ጋሻው ክብ ነው፣ 9 ወይም 10 ሚሊ፤ ከስስ አሉሚኒየም ቆርጦ ላጲስ ላይ አስቀምጦ በእስክሪብቶ ጀርባ ሲጫን ይጎደጉዳል። ታርቡሽ የሚባለው የአስካሪዎች ረጅም ቀይ ቆብ ጭራና የወገባቸው መቀነት ቀለም እንደ ሻለቃው ይለያይ ነበርና በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ቀለም አይቀላቀል። ሰንደቁም እርማት ይፈልጋል። ሦስቱ ቀለማት በአንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ የተሰፉበት ሰንደቅ ከአድዋ በኋላ በ1890 ዓ.ም. የመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት ሦስት ሹል ጨርቆች ለየብቻ ነበር የሚሰቀሉት። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው ብርማ ወረቀት ተቆርጦ በቀጠነ ኮላ ከራሰ በኋላ በእርሳስ ላይ ተጠምጥሞ ቢደርቅ የነፋስ ሞገድ ይይዛል።

የተጠናቀቀው ሁሉ በማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ ለብረት ቅርጽ መጀመሪያ የሚያብረቀርቀው፣ በላዩ የማያብረቀርቀው ቢሆን ይበልጥ ይጸናል። ከመቆሚያው ሥር 5 በ1 ሚሊ ማግኔት ተጣብቆ የማስቀመጫው ሳጥን ወለል በስስ ላሜራ ከተነጠፈ በኮብልስቶን ላይ በባጃጅ ቢሄድም አይረግፍም። ሳጥኑ ሲገለበጥ ቅርጹ ከወደቀ ማግኔቱ አንሷል ማለት ነው፤ አንድ የ28 ሚሊ የብረት እግረኛ ሁለት፣ ፈረሰኛ ሦስት ይፈልጋል። ማግኔቱ ለስላሳ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ካልተሻከረ ሙጫው ይለቅቀዋል፤ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ የወለቀ ማግኔት ወዲያውኑ ይነሣ፤ ከአንድ በላይ ከተዋጠ አንጀት ይበሳል። ሱፐር ግሉ የነካ ነገር በዚያው ቀን ወደ ሳጥን ገብቶ እንዳይዘጋበት፤ ትነቱ በጥቁር ቀለም ላይ ነጭ ጉም ይተዋል።

የድሮ የብረት ቅርጾች እርሳስ አለባቸው። ሳይቀቡ በአዲስ እንጨት ወይም በቺፑድ ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግተው ከቆዩ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድነት ያለው ትነት እርሳሱን እየበላ ነጭ ዱቄት ያደርገዋል። ዱቄቱ መርዝ ነውና አይነፋ፣ በደረቁ አይፋቅ፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ ይጣል፣ እጅም ይታጠብ። ቅርጹ ከሥሩ ሳይቀር ቀለም ከለበሰና ሳጥኑ አየር ካገኘ ይህ እምብዛም አይደርስም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ቦታ ከጠበበ ከዚህ ሁሉ ሦስቱ ብቻ ይታረሙልን፤ ካርቶኑ በኤምዲኤፍ፣ አረንጓዴው በገለባ ቀለም፣ አራት ማዕዘኑ ሰንደቅ በሦስቱ ሹል ጨርቆች። ስቱኮው አንድ ቀን፣ ማጽኛው ኮላ አንድ ቀን፣ ሰጋቱራው ሁለት ቀን፣ ቀለምና ቫርኒሹ ሁለት ቀን ስለሚፈጁ እርማቱ ከየካቲት 15 በፊት ከወጣ ሥራውን የጀመሩት ተማሪዎች ይደርሱበታል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ ተጫዋቾችና ቅርጽ ሰብሳቢዎች፣ አዳማ